ኦምቡድስማን እና እንባ ጠባቂ፦ በትርጉም የጠፋው ወኪል
ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመንግሥት ተቋምን ስም የሚያወጣው ግን ሰው ነውና ቢተች ነውር የለውም።

እዚህ ዴንቨርና ኦሮራ ነርሲንግ ሆም የሚሠሩ ወገኖቻችን በየግድግዳው «ኦምቡድስማን» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎ ያያሉ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ እያንዳንዱ ስቴት የአረጋውያኑን አቤቱታ የሚመረምር እንዲህ ያለ አካል እንዲኖረው ያዛል። በአማርኛ ምን እንደሚባል ሲጠይቁኝ «እንባ ጠባቂ» ስላቸው፣ «እንባችንን ምን ሊያደርገው ይጠብቀዋል?» ብለው ይስቃሉ። ሳቁ ቁም ነገር አለው።

ቃሉ የስዊድን ነው። «ኦምቡድ» ወኪል ወይም ውክልና፣ «ማን» ሰው ማለት ነው። ንጉሥ ካርል 12ኛ በኦቶማን ግዛት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1713 አገር ቤት ያሉ ሹማምንት ሕግ ማክበራቸውን የሚቆጣጠርላቸው ኦምቡድስማን እንዲኖር አዘዙ። በ1809 የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ ፓርላማው የራሱን ኦምቡድስማን እንዲመርጥ አደረገ። ስሙ ሳይለወጥ ወካዩ ተለወጠ፤ የንጉሥ ዓይን የነበረው የሕዝብ እንደራሴዎች ዓይን ሆነ። የቃሉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው፦ ሰውየው የማን ወኪል ነው?

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ተቋሙን የሚያቋቁመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 211/1992ም ወጣ። «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» የሚለው ስም ውብ መሆኑን አልክድም፤ ባዕዱን ቃል እንዳለ ከመገልበጥም በእጅጉ ይሻላል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ «ጠበቀ» መንከባከብም መቆየትም ነውና፣ ስሙ እንባው እስኪፈስ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ያስመስላል። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ቧንቧው ከፈነዳ በኋላ ብቻ የሚጮህ መቆጣጠሪያ አልገዛም። ሁለተኛውና ዋናው፣ አዋጁ ስለ ዜጎች መብት ሲናገር ስሙ ስለ እንባ ይናገራል። እንባ ምሕረት ይለምናል፤ መብት ግን ይጠየቃል። ከቤተ መንግሥት ደጅ ቆሞ «አቤት!» ማለትን ለለመደ ሕዝብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

«የሕዝብ ወኪል» እንዳይባል ከምክር ቤቱ አባላት ጋር ይምታታል። ከ«ጠበቀ» የወጣው «ጠበቃ»ም የፍርድ ቤቱን ባለሙያ ያስታውሳል። እኔ አንዲት ቃል ብቻ ተቀይራ «የሕዝብ መብት ጠባቂ» ቢባል እመርጣለሁ። ስም መለወጡ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም፤ ባለጉዳዩ ግን ደጃፉ ሲደርስ አልቃሽ ሳይሆን ባለመብት መሆኑን ከሰሌዳው ላይ ያነባል። የተሻለ ስም ያላችሁ አንባብያን ብታካፍሉን ደስ ይለኛል።

ቸር ይግጠመን።