ገመዱ በየትኛው ጫፍ ይታሰር?

በክረምት ዋልካ መሬት ላይ መኪና ሲያዝ ሊያወጣው የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ተከትሎት ይመጣ የነበረው ነው። አፍንጫው ወደተያዘው መኪና እንደዞረ ይቆማል፤ የፊት መንጠቆው እጅ ላይ ነው፤ ካቦው ይታሰራል፤ ሾፌሩ ፎር ሎው አስገብቶ በኋላ ማርሽ መጎተት ይጀምራል። ይህን ማንም አስቦ አልወሰነውም፤ የመኪኖቹ አቋቋም ወሰነላቸው። የፊት አክስል ሲሰበር ጥፋቱ ለዕቃው ጥራት ወይም ለመኪናው ዕድሜ ይሰጣል። በእኔ እምነት ግን ከስብራቱ አብዛኛው የሚወሰነው ጉተታው ሳይጀመር፣ ገመዱ በየትኛው ጫፍ እንደሚታሰር በተመረጠበት ሰዓት ነው።

ለምሳሌ በአገራችን የገጠር ሥራ ላይ በብዛት የሚታየውን ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ እንውሰድ። የኋላ ዲፈረንሻሉ ኮሮና ስፋት 9.5 ኢንች ሲሆን የፊቱ 8 ኢንች ብቻ ነው። የኋላው ሸክምና ጉተታ እንዲችል የተሠራ ነው፤ የፊቱ ደግሞ ማገዝና መሪ መታዘዝ አለበት። ሾፌሩ በኋላ ማርሽ ሲጎትት ይህ የሥራ ክፍፍል ይገለበጣል። ገመዱ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ታስሮ አንድ ቶን ቢስብ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3.18 ሜትር ስለሆነ፣ ወደ 190 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ከኋላ ጎማዎች ተነሥቶ ወደ ፊቶቹ ይሄዳል። ባዶ ፒክአፕ ደግሞ ድሮውንም ኋላው ቀላል ነው። ፎርዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ትራንስሚሲዮን አንድ ላይ ስለሚቆለፉ ኃይሉ እኩል አይከፈልም፤ መሬት ወደያዘው ጎማ ያዘነብላል። የኋላዎቹ ጭቃ ላይ ሲንሸራተቱ ሥራው ከሞላ ጎደል በትንሹ አክስል ላይ ይወድቃል። ያ ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት 4.2 ሊትሩን የ1ኤችዜድ ሞተር ብናሰላ፣ ከሞተሩ የሚወጣው 285 ኒውተን ሜትር በዝቅተኛው ማርሽ፣ በፎር ሎውና በዲፈረንሻሉ ተባዝቶ ጎማው ጋ ሲደርስ ከ10,000 ያልፋል። የኋላ ማርሽም ከአንደኛ ብዙ አያንስም።

በዚህ ላይ የጥርሶቹ ጉዳይ አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. የፊት ባሌስትራው በኮይል ከተተካ ወዲህ የፊት ፒኞኑ ከፍ ብሎ የሚገባ ነው፤ ጥርሶቹም የተቆረጡት መኪናው ወደፊት ሲሄድ በጠንካራው ጎናቸው እንዲገፉ ነው። በኋላ ማርሽ ኃይሉ በተቃራኒው፣ በደካማው ጎን ይመጣል። እንግዲህ ትንሹ አክስል ትልቁን ሸክም ያነሣል፣ ያውም በደካማ ጎኑ። መሪው ከተጠመዘዘ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ሲቪ ጆይንት ቀጥ ብሎ ሲሽከረከር ኳሶቹ ሸክሙን ይካፈላሉ፤ መሪው ጥግ ሲደርስ ግን ጫናው ጥቂቶቹ ላይ ይሰበሰብና ኳሶቹን የያዘው ቀለበት ወይም ደወል መሳዩ ጫፍ ይሰነጠቃል። የፊት ሎከር ያለው መኪና ከዚህ የተጠበቀ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን የባሰ ተጋላጭ ነው እላለሁ፤ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሌላው ወገን ጉልበቱን ሁሉ በአንድ ዘንግ ይቀበላልና።

ስለዚህ አዙሮ ቆሞ፣ ገመዱን ከኋላ ሻንሲ ላይ አስሮ፣ ወደፊት መጎተት ነው። (የተጎታች ማያያዣዋ ኳስ ላይ ግን ፈጽሞ፤ ተነቅላ እንደ ጥይት በመወንጨፍ ሰው ገድላለች።) ያኔ ክብደቱ ወደ ትልቁ አክስል ይሄዳል፤ እዚያ መሪም የለም፣ የሚታጠፍ ሲቪ ጆይንትም የለም። የሚነሣው መከራከሪያ የተያዘውን መኪና ማየት አልችልም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን በኋላ ማርሽ የሚጎትተውም የሚሄድበትን አያይም፣ በገደል ዳር መንገድ ይህኛው ይብሳል። ለሁለቱም መፍትሔው ስፖኪዮና ከገመዱ መስመር ርቆ በእጅ የሚመራ ሰው ነው።

ከዚህ የሚከብደው መከራከሪያ የቦታ ነው። መንገዱ ጠባብ ሆኖ መዞር የማይቻልበት ጊዜ አለ፣ ይህንን አልክድም። ያኔ በኋላ ማርሽ መጎተት ግድ ነው፣ እንዴት እንደሚጎተት ግን አሁንም በሾፌሩ እጅ ነው። የአሜሪካ ጦር ተሽከርካሪ ማውጫ መመሪያ እስከ ጎማው የሰጠመን መኪና ለማውጣት የመኪናውን ክብደት ያህል፣ እስከ ፓራፋንጎው የሰጠመን ደግሞ ሁለት እጥፉን የሚያህል ኃይል እንደሚጠይቅ ያሰላል። እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ፒክአፕ ይህን ያህል የሚስብ ጎማ የለውም። ሾፌሩ ይህን ሲያጣ ገመዱን አላልቶ በሩጫ መንጠቅ ይጀምራል፤ የማይለጠጠው ካቦ ንጥቂያውን እንዳለ ለጥርሶቹ ያደርሰዋል። ስለዚህ በኋላ ማርሽ የሚጎትት ሰው አካፋውን ቀድሞ ያንሣ። በሚጎተትበት አቅጣጫ ከተያዘው መኪና ጎማዎች ፊትና ከሻንሲው ሥር ያለው ዋልካ ሲነሣ የሚያስፈልገው ጉልበት ይወርዳል። ከዚያ የጎታቹ መሪ ቀጥ ይበል፣ ሎከሩ ይጥፋ፣ ገመዱ ቀስ ብሎ ይወጠር። ጎማው መዝለል ከጀመረ ነዳጁ ወዲያው ይለቀቅ፤ የሚሰብረው መንሸራተቱ ሳይሆን እየተሽከረከረ የነበረ ጎማ በድንገት መሬት ሲይዝ ነው።

በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ የፊት ሃብ ያለው መኪና አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው፣ ጥቂት ሾፌሮች ብቻ ይጠቀሙበታል። ሃቦቹን ፈትቶ ፎር ሎው ማስገባት ይቻላል፤ ዝቅተኛው ማርሽ ይገኛል፣ የፊት ዘንጎች ግን ጉልበት አይሸከሙም። ኋላው ስለሚቀል ጉተታው ያንሳል፣ ለቀላል ጉተታ ግን ይበቃል፤ ካልበቃም ጎማው ይንሸራተታል እንጂ የፊት ሲቪ አይሰበርም። ጉልበቱ በሙሉ ወደ ኋላው አክስል ስለሚሄድ ንጥቂያ እዚህም ክልክል ነው።

በኋላ ማርሽ ከተጎተተ በኋላ መኪናው ወደ ከተማ ሳይመለስ መሪውን ጥግ አድርሶ በዝግታ ክብ መዞር ነው፤ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከጎማው በኩል ከመጣ ሲቪው ተነክቷል። የፊት ዲፈረንሻል ዘይት ይፈተሽ፣ ደረጃው ወርዶ የመሪው ክብ ቤት ዙሪያ የቀጠነ ግራሶ እያንጠባጠበ ከሆነ ዘይት ማገጃው ለቋል። የዘይት መፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የብረት ስንጣሪ ከተገኘ ደግሞ የፊት ሃቦቹን ፈትቶ በኋላ ጎማ ብቻ ወደ ጋራዥ መንዳት ነው።