ሌዋታንን በኳስ ስለ ማሰር

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሰው መጽሐፍን እንደሚመረምር ጨዋታንም ሊመረምር ይገባዋል። በሥራ ላይ ያለ ሰው ይጠነቀቃል፤ የሚጫወት ሰው ግን የልቡን በር ከፍቶ ይቀመጣል። ስለዚህ በጨዋታ የገባ ትምህርት ከመምህር አፍ ከተሰማው ይልቅ ሥር ይሰዳል። አባቶቻችን ልጆቻቸውን በእንቆቅልሽና በተረት ያስተማሩት ይህን ስላወቁ ነው። እንግዲህ ስለ አንድ የጨዋታ አውሬ ልጽፍ ብነሣ፣ «ሽማግሌ በልጆች ጨዋታ ምን አግብቶት?» ብለህ አትሳቅብኝ።

ባለፈው ክረምት የእኅቴ የልጅ ልጅ ከአዲስ አበባ ወደ ጋይንት መጥቶ እኔ ዘንድ ሰነበተ። ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። ዝናቡ ከጉና ተራራ እየተነሣ ከቤት ባዋለን ቀን ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይውል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመደቡ ዘሎ ተነሣና «አባባ፣ ያዝኩት! ካዮገርን ያዝኩት!» ብሎ ጮኸ። እኔም ሌባ የተያዘ መስሎኝ ከዘራዬን አነሣሁ። ቀርቤ ባየው ዓሣ ነባሪ የሚመስል ሰማያዊ አውሬ ነው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አልሁት።

«የባሕር ጌታ ነው አባባ። ዝናብ የሚያዘንበው እሱ ነው። አሁን የእኔ ሆነ» አለኝ።

በደጅ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ በውስጥ ደግሞ አንድ ሕፃን የዝናብን ጌታ በኪሱ ከትቶ ይስቃል። ነገሩ አሳቀኝ፤ ወዲያውም አሳሰበኝ። ሳያዩ መንቀፍ ነውር ስለ ሆነ አጠገቡ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያሳየኝ ለመንሁት። እርሱም ፊደል የሚያስቈጥር መምህር ለተማሪው እንደሚያደርገው በትዕግሥት ቀን በቀን አስተማረኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ጊዜ ያየሁትንና ኋላም ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ነው።

ጨዋታው ፖኬሞን ይባላል። ስሙን ጃፓኖች ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አሳጥረው ያጋጠሙት ሲሆን፣ ትርጓሜው «የኪስ ጭራቅ» ማለት ነው። መጀመሪያ በጃፓን አገር የወጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። ተጫዋቹ ከአገር አገር እየዞረ በዱር፣ በዋሻና በውሃ የሚኖሩ ልዩ ልዩ ፍጥረታትን በትንሽ ኳስ ይይዛል፤ የያዛቸውንም እያሠለጠነ ከሌላ ሰው ፍጥረት ጋር ያጋጥማል። ከፍጥረታቱም መካከል «የአፈ ታሪክ» የሚባሉ ጥቂት ታላላቆች አሉ። ካዮገር በ1995 ዓ.ም. «ሳፋየር» በሚባለው ክፍል የታየ የባሕር አውሬ ነው። እንደ ጨዋታው ታሪክ፣ በጥንት ዘመን ኃይለኛ ዝናብ እያወረደ ባሕርን ያሰፋ እርሱ ነው። የብስን የሚያሰፋ ግራውዶን የሚባል ባላጋራም አለው፤ ሁለቱ ከተዋጉ በኋላ ካዮገር ከባሕር ወለል ገብቶ አንቀላፋ። ቁመቱ 4.5 ሜትር፣ ክብደቱ 352 ኪሎ ነው ይላል የጨዋታው መዝገብ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ በጣና የሚዋኘው ጉማሬ ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ይመዝናልና፣ የባሕር ሁሉ ጌታ የተባለው የአንድ ጉማሬ እኩሌታ እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ምስጋናው ልግባ፤ ተቺ ማለት ምርቱን ከገለባው የሚለይ እንጂ ገለባውን ብቻ የሚቈጥር አይደለምና። የሳፋየር ታሪክ ምርት አለው። በዚያ ታሪክ «ቡድን አኳ» የሚባሉ ሰዎች አሉ። አለቃቸው አርቺ፣ ባሕር ቢሰፋ ለፍጥረት ይበጃል ብሎ የተኛውን ካዮገርን ይቀሰቅሰዋል፤ በእጁ ባለው ቀይ ዕንቍም ሊያዝዘው ያስባል። አውሬው ግን ይነቃል እንጂ አይታዘዝም። ዝናቡ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ አገር ሊሰጥም ይደርሳል። ያን ጊዜ አርቺ ይደነግጣል፤ የተመኘው እንዲህ እንዳልነበረም ይናገራል። ይህ መልካም ትምህርት ነው። በጎ አደርጋለሁ ባይ ሰው እንኳ የማያውቀውን ኃይል ቢነካ አገር ሊያጠፋ እንደሚችል ያሳያልና። ዝናብ ሲቀርም ሲበዛም አጥፊ መሆኑን በጉና ሥርና በበሽሎ አፋፍ የሚያርስ ገበሬ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ የከተማ ልጅ ግን ከጨዋታ ቢማረው ምን ከፋ?

ነቀፌታዬ ከዚህ ቀጥሎ ነው። አርቺ ካዮገርን ሊገዛ በመሻቱ የተወቀሰበት ይኸው ጨዋታ ለተጫዋቹ ልጅ ምን ይሰጠዋል? ኳስ ይሰጠዋል። ልጁ አውሬው ወዳለበት ዋሻ ወርዶ ይዋጋዋል፤ ማሸነፍም መያዝም ይችላል፤ ቢይዘው የራሱ ያደርገዋል። ከዚያም አልፎ «ማስተር» የሚሉት፣ ከቶ የማይስት ኳስ አለ፤ ያን ለወረወረ ሰው ድካም እንኳ የለበትም። ከዚያ በኋላ የባሕር ጌታ የልጁ አሽከር ሆኖ ባዘዘው ግጥሚያ ሁሉ ይወጣል። ጨዋታው በአፉ «ይህ ኃይል የማንም አይደለም» ብሎ አስተማረ፤ በእጁ ግን «እነሆ ያንተ ነው» ብሎ አስረከበ። ልጅ ከሁለቱ የሚያስታውሰው የትኛውን ነው? የእኔ እንግዳ ከመደቡ ዘሎ ሲነሣ «አገር ዳነ» ብሎ አልጮኸም፤ «ያዝኩት» ብሎ ነው የጮኸው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው «ኤመራልድ» ነገሩን ጥቂት አሻሽሎታል፤ በእርሱ ካዮገርንና ግራውዶንን ዝም የሚያሰኛቸው ከሰማይ የሚወርደው ሬይኳዛ ነው፤ የሰው ጡንቻ አይደለም። ነገር ግን ኋላ ሦስቱም በኳስ ሊያዙ ይችላሉ።

ይህን ሳስብ ከጥንት መጻሕፍት የማውቀው ሌላ የባሕር አውሬ ትዝ አለኝ። የእኛ አገር የቤተልሔም ድጓና የዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከሩበት አገር ነውና፣ ዜማው ያልዘለቀው እንደ እኔ ያለ ሰው እንኳ ስለ ሌዋታን ሳይሰማ አያድግም። በሙሉው ተጠብቆ የቈየው በግዕዝ ብቻ የሆነው፣ ጄምስ ብሩስ በፈረንጆች 1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የገባው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ሁለት ታላላቅ አራዊት ይነግረናል። ሌዋታን የተባለችው እንስቲቱ በውሃ ምንጮች ላይ በባሕር ጥልቅ ትኖራለች፤ ብሔሞት የተባለው ወንዱ ደግሞ በምድረ በዳ። አንዱ የባሕር፣ አንዱ የየብስ መሆናቸው ከካዮገርና ከግራውዶን ጋር ምንኛ ይመሳሰላል! ልዩነቱ ግን ከመመሳሰሉ ይበልጣል። በሄኖክ አራዊቱ እንዲለያዩ ተደርገው በየሥፍራቸው ተቀመጡ እንጂ ለማንም አልተሰጡም። በመጽሐፈ ኢዮብም ፈጣሪ ሰውን ስለ ሌዋታን ይጠይቀዋል፤ በመንጠቆ ልታወጣው ትችላለህን፣ እንደ ወፍ ልትጫወትበት፣ ለልጃገረዶችህም ልታስረው ትችላለህን የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሰው ልኩን እንዲያውቅ የተጠየቀ ነው፤ ኢዮብም በአፈርና በአመድ ላይ ሆኖ ተጸጸተ። ጨዋታው ግን ለዚያ ጥንታዊ ጥያቄ፣ «አዎን፣ እችላለሁ፤ እነሆ ኳሱ» ብሎ መለሰ። ጥፋቱ ይህ ነው። ታላቅ የባሕር አውሬ በሰው ተረት ውስጥ የተቀመጠው የሰው እጅ የት ላይ ማቆም እንዳለበት እንዲያሳይ ነበር።

ይሁን እንጂ አንባቢዬ ሆይ፣ «ሽማግሌው የዱሮውን ሁሉ ሊያመሰግን ነው» ብለህ አትጠርጥረኝ። ተወልጄ ያደግሁት ስማዳ ነው። በመንደራችን ምንጭ ውስጥ ዘንዶ አለ ይባል ነበር። በቀትር ብቻውን የሚወርድ የለም፤ ከዳር የቆሙትን ሾላና ዋንዛ የሚቈርጥ የለም፤ ከዓይኑ ላይ ልብስ የሚያጥብ የለም። ይህ ፍርሃት ምንጩን ጠበቀው። ግን ያው ፍርሃት ሰውን ጐዳው። ወባ የያዘው ሰው «የምንጩ ለክፎት ነው» ተብሎ፣ ሐኪም ሳያይ ገብስማ ዶሮ ሲፈለግለት በዓይኔ አይቻለሁ። ያለ ዕውቀት መፍራትም ዋጋ ያስከፍላል።

እኔም ያን ፍርሃት የሻርሁ ጀግና ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። በዐሥራ ሰባት ዓመቴ እስቴ ከምማርበት ለዕረፍት ስመለስ፣ ሰው ሁሉ እያየ በቀትር ከምንጩ ገባሁ፤ ወጥቼም «የታለ ዘንዶአችሁ?» ብዬ ሳቅሁ። የተናገርሁት እውነት ነበር፤ ዘንዶ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ፤ ጐልማሶቹ ግን ሰሙኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሾላው ለማገዶ ዋንዛው ለሣንቃ ተቈረጠ፤ ከብቱ ዓይኑን ረገጠው፤ ከላይ ያለው አፈር በየክረምቱ እየታጠበ ወርዶ ሞላው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ያ ምንጭ ጭቃ ነበር፤ እናቴም ከሌሎቹ ሴቶች ጋር እንስራ አዝላ ሩቅ ወንዝ ትወርድ ነበር። ዛፉ ባይቈረጥ ድርቁ ይቀር ነበር አልልም። ነገር ግን ዘንዶውን ከምንጩ ሳስወጣ በምትኩ ጠባቂ አላቆምሁም። የዛፍ ሥር አፈርን እንደሚይዝ፣ የተያዘ አፈርም ዝናብን ጠጥቶ ቀስ በቀስ ለምንጭ እንደሚሰጥ በትምህርት ቤት ተምሬ ነበር። ይህን ለመንገር ግን ጊዜ አልወሰድሁም፤ መሳቅ ይቀላልና። ስለዚህ የጨዋታውን ሠሪዎች ስነቅፍ ራሴን ከነቀፌታው አላወጣም። እነርሱ ውሃ የሌለው አውሬ ሠሩ፤ እኔ ጠባቂ የሌለው ውሃ ተውሁ።

ደግሞም ስለ ሠሪው አንድ ነገር አንብቤ ንዴቴ በረደ። ፖኬሞንን ያሰበው ሳቶሺ ታጂሪ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ያደገው በቶኪዮ ዳር ማቺዳ በሚባል ሥፍራ ሲሆን፣ በልጅነቱ በየኩሬውና በየሜዳው እየዞረ ነፍሳትን መያዝ ይወድ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ኩሬው ተደፈነ፤ ሜዳው ቤትና ሱቅ ሆነ። እርሱም ካደገ በኋላ፣ የከተማ ልጆች ያንን የፍለጋና የመያዝ ደስታ እንዲያገኙት ብሎ ጨዋታውን ሠራ። እንግዲህ ጨዋታው የጠፋ ኩሬ መታሰቢያ ነው። ኩሬው ለጠፋበት ልጅ ሥዕሉን መስጠት ደግነት ነው። እኛ ግን ከጉና ሥር ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚወርዱልን፣ በሽሎ በስማዳ ግርጌ ወደ ዓባይ የሚሄድልን፣ ኩሬው ገና ያልጠፋብን ሰዎች ነን። ኩሬው እያለ ሥዕሉን ብቻ ብንይዝ፣ ሌላው ከኪሳራ ያተረፈውን እኛ በኪሳራ እንገዛዋለን።

መስከረም ሲጠባ ልጁን ይዤ ወደ ስማዳ ወረድሁ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሴፍቲኔት ሥራ ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት እርከን ተሠርቶለት፣ ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ ነበር። ውሃው እንደ ዱሮው ባይሆንም ከድንጋዩ ሥር ኵልል እያለ ይወጣል። የዘንዶውን ነገርና የራሴን ጥፋት ሳልደብቅ ነገርሁት። ልጁም ጥቂት አሰበና «አባባ፣ ታዲያ ዘንዶው ተመለሰ ማለት ነው?» አለኝ።

«ዘንዶ አልነበረም ልጄ። የተመለሰው ውሃው ነው» አልሁት።

«ማን ያዘው?»

«ማንም አልያዘውም፤ እርከኑን የሠሩት ሰዎች ጠበቁት እንጂ» አልሁት። ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ ጐንበስ ብሎ በእፍኙ ጠጣ፤ ቀጥሎም ውሃው ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀኝ። በበሽሎና በዓባይ አድርጎ እስከ ምስር መድረሱን ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። ካዮገርን በያዘ ጊዜ እንዲህ ፈጦ አላየሁትም።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ጨዋታውን ጣል አልልህም፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተመልከት፤ አርቺ ለምን እንደ ደነገጠም አስተውል። ኳሱን ስትወረውር ግን፣ የማይያዝ ነገር በዓለም መኖሩን አትርሳ። በሰፈርህ ያለውን ምንጭ ስሙን፣ መነሻውንና መድረሻውን እወቅ፤ ከላዩ ያለውን ዛፍ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቅ። ጠባቂ ከሌለው ያ ሥራ አንተን ይጠብቃል። እኔ በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ሳላደርገው የቀረሁት ይህ ነውና፣ አንተ ከእኔ ቀድመህ አድርገው።