የጀግናው አማርኛ የት ገባ?

የአክሽን ተዋናይ እንጀራው ሰውነቱ ነው። አርኖልድን ያለ ጡንቻው፣ ቫንዳምን ያለ እግሩ፣ ጃኪ ቻንን ያለ አወዳደቁ ማን ያስባቸዋል? ግምጃ ቤትም ሆነ ዳንግላ፣ ቪዲዮ ቤት እየገባ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ባይገባን ቡጢው ይገባን ነበር። ታዲያ ቁመቱ አጭር፣ አቋሙ ከለመድነው ለየት ያለ ኢትዮጵያዊ የሲአይኤ ሰላይ ሆኖ ሲመጣ ምን እንላለን?

ዳንኤል ታደሰን ነው የምለው። በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሁለት ረጃጅም ፊልሞች ላይ መሪ ተዋናይ ነው። የመጀመሪያው በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በአማርኛ የሚነገረው “ክራምብስ” ነው። ዓለም ካለቀ በኋላ፣ ሰማይ ላይ ቆሞ የኖረ መንኮራኩር መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ካንዲ ከፍቅረኛው (ሰላም ተስፋዬ) ጋር ከሚኖርበት የተተወ ቦውሊንግ ቤት ተነስቶ ጉዞ ይወጣል። ፊልሙ ቁመቱን ቀልድ አያደርገውም። ካንዲ ይፈራል፣ ያፈቅራል፣ ይሄዳል፤ በቃ። የፊሊፒንሱ ዌንግ ዌንግ በ1981 ሰላይ ሆኖ የተጫወተበት ፊልም ገና ከርዕሱ በቁመቱ ይቀልዳል። ልዩነቱን አስቡት።

ሁለተኛው፣ የ2019ኙ “ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ” የስለላ ፊልሞችን የሚያፌዝ ነው። ዘመኑ 2035፣ ከተማው ታሊን። ወኪል ጋጋኖ ከባልደረባው ጋር “ሶቪየት ኅብረት” የተባለ የኮምፒውተር ቫይረስ ለማጥፋት ሲስተም ውስጥ ይገባል። ኮድ ጽፌ ነው የምተዳደረው፤ ኪቦርድ እየደበደበ በግማሽ ደቂቃ ባንክ የሚከፍት የሆሊውድ ሀከር ይሰለቸኛል። እዚህ ቫይረሱ የስታሊንን ፊት ለብሶ ይመጣል። ፌዝ ነው፤ ግን የሥራችንን አንድ እውነት ይዟል፦ መግባቱ ቀላል ነው፣ ጭንቁ መውጣቱ። ጋጋኖም እዚያው ይቀረቀራል። የሚፈልገው ዓለምን ማዳን ሳይሆን ሥራውን ለቆ ከሚስቱ ጋር መኖር ነው። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲቀልድ ዳንኤል አይቀልድም፤ ሚስቱ የምር ትናፍቀዋለች። ፊልሙን ከመፍረስ ያዳነው፣ ለኔ፣ ይኸው ነው።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ሲስተሙ ውስጥ ወኪሎቹ የታዋቂ ሰዎችን ፊት በወረቀት ጭንብል ያጠልቃሉ፤ ጋጋኖ የሪቻርድ ፕራየርን። ንግግሩም በኋላ የተቀዳ፣ ሆን ተብሎ ከከንፈር ጋር እንዳይገጥም የተደረገ እንግሊዝኛ ነው። እንደ ቀልድ ይሠራል። እንደ ተዋናይ ዕድገት ካየነው ግን ኪሳራ አለው፦ በ“ክራምብስ” ፊትና ቋንቋ የነበረው ሰው በሁለተኛው ላይ ብዙውን ጊዜ የቀረው ሰውነቱ ብቻ ነው። በጭንብሉ ሥር እንኳ በአረማመዱ እንለየዋለን፤ ችሎታ ነው። ግን ችሎታው ይህን ያህል መሸፈን ነበረበት?

ካና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ የቱርክ ተዋንያንን አማርኛ አናግሯል፤ እኛም ለምደን ቤተሰብ አድርገናቸዋል። የባዕድ ከንፈር በአማርኛ ሲገጥም እየተደሰትን፣ የራሳችን ሰው አማርኛው ሲሸፈን ዝም ማለታችን ያስቃል፤ ያስከፋልም።

ያንሶን አልወቅስም፤ መሪ ሚና ሰጥቶታል። ጥያቄው ለኛ አገር ፕሮዲውሰሮች ነው። ከተለመደው የተለየ ሰውነት ያለው ተዋናይ ሲመጣ ቶሎ የሚታየን የሳቅ ቦታ ነው። ጥሩ ትሪለር ግን ሄሊኮፕተር አይጠይቅም፤ አንድ ቦታ መድረስ ያለበት ሰውና የሚያግደው ነገር ይበቃዋል። ከግምጃ ቤት ወደ እንጅባራ፣ ጉም በወረደበት ማለዳ፣ በዲከረንሱ መሃል አንድ ሰው ሳይያዝ ሚስቱ ዘንድ ለመድረስ ይጣደፋል። ጭንብል የለም። ሲያለከልክም፣ ሲለምንም፣ ሲዋሽም በራሱ አማርኛ ነው። ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ።