ባዕዱን ማሰማት፦ የ«ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» የድምፅ ትረካ ሂሳዊ ዳሰሳ

የአንዲ ዊር «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» የተሰኘው የሳይንስ ልብወለድ እ.ኤ.አ. በ2021 ለንባብ ሲበቃ በሬይ ፖርተር ተራኪነት በድምፅም ቀርቧል። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የድምፅ መጻሕፍት አሳታሚዎች ማኅበር በሚሰጠው የኦዲ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተመርጧል። ከ16 ሰዓት በላይ የሚፈጀውን ትረካ ያደመጡ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያወድሱት የተራኪውን ችሎታ ነው። ችሎታው አያከራክርም። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የሳይንስ ልብወለድ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ሲያስተዋውቀን ትልቁ ፈተናው የፍጡሩን ባዕድነት ማሳመን ነው። ድምፅ ይህን ባዕድነት ያጸናዋል ወይስ ያለዝበዋል? እኔ እንዳደመጥኩት ትረካው በመጀመሪያ ከታተመው መጽሐፍ በላይ ያጸናዋል፤ ኋላ ላይ ግን የገነባውን መልሶ ያፈርሰዋል።

የሳይንስ መምህሩ ራይላንድ ግሬስ ስሙን እንኳ ሳያስታውስ በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ይነቃል። ሁለቱ የጉዞ ባልደረቦቹ ሞተዋል። ትዝታው ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ አስትሮፌጅ የተባሉ ረቂቅ ሕዋሳት የፀሐይን ኃይል እየመጠጡ ምድርን ለብርድ እንደዳረጓት፣ እሱም መፍትሔ ፍለጋ ወደ ታው ሴቲ ኮከብ እንደተላከ ይገነዘባል። እዚያም በዚሁ መቅሠፍት ምክንያት ከ40 ኤሪዳኒ የመጣ፣ ባልደረቦቹ ያለቁበት መሐንዲስ ያገኛል፤ ስሙንም ሮኪ ይለዋል። ሮኪ ዓይን የለውም። አካባቢውን የሚያውቀው በድምፅ ነው፤ የሚናገረውም በአንድ ጊዜ በሚሰሙ ብዙ ቃናዎች ነው።

በታተመው መጽሐፍ የሮኪ ንግግር መጀመሪያ የሚመጣው በሙዚቃ ኖታ ምልክቶች ተወክሎ ነው። ምልክቶቹ እዚህ ላይ ዜማ እንዳለ ከመጠቆም አያልፉም፤ አንባቢውም በዓይኑ ገረፍ አድርጓቸው ይሄዳል። በድምፅ ቅጂው ግን በቦታቸው እውነተኛ ቃናዎች ገብተዋል። አድማጩ እነዚህን መዝለል አይችልም፤ እስኪያልቁ መጠበቅ አለበት። ግሬስ ላፕቶፑን ከፍቶ የድምፅ ሞገዱን ሲተነትንና እያንዳንዱን ቃና ከትርጉሙ ጋር በሠንጠረዥ ሲመዘግብ፣ እኛም የሰማነው እሱ የሰማውን ነው፤ ያልገባንም እሱ ያልገባው ነው። ደራሲው በቃላት ሊገልጸው ብቻ የቻለውን አለመግባባት ትረካው በጆሯችን ላይ ያደርሰዋል።

ከዚህ የጠለቀ ነገርም አለ። አንባቢ በዓይኑ የሚሠራ በመሆኑ ሳያስበው ከግሬስ ወገን ይሰለፋል። የሮኪ ወገኖች ግን ብርሃንን የሚያዩበት አካል አልፈጠረባቸውም፤ የኮምፒውተር ስክሪን ለሮኪ ልሙጥ ገጽ ብቻ ነው፤ በላዩ ያለውን ሌላ ካልነገረው አያውቅም። የትረካ አድማጭም እንዲሁ ነው፤ መንኮራኩሩን፣ ቤተ ሙከራውን፣ ኮከቡን የሚያውቃቸው በሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ የድምፅ ቅጂው ሳያውጅ አድማጩን በሮኪ ቦታ ያስቀምጠዋል።

ችግሩ የሚመጣው መግባባት ሲጀመር ነው። ግሬስ ቋንቋውን እየለመደ ሲሄድ ፖርተር ለሮኪ እንግሊዝኛ አንደበት ይሰጠዋል፤ ቃናዎቹም ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ሮኪ ሰዋስው ያልተሟላለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ጥያቄ ሲጠይቅ መጠየቁን በሚያመለክት ቃል ይዘጋል፣ ለማጠንከር አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ይደጋግማል። ይህ አነጋገር በጽሑፍ ሲነበብ ጉድለቱ የግሬስ የትርጉም ሥራ እንደሆነ አይዘነጋም። በድምፅ ሲሰማ ግን ጉድለቱ የተናጋሪው ይሆናል፤ ተራኪው ግለትና ጨዋታ ሲጨምርበት ደግሞ ሮኪ የዋህ፣ ልጅ መሰል ፍጡር ሆኖ ይቀረጻል። ያው ሮኪ ግን የሰማውን የማይረሳ፣ የተወሳሰበ ስሌት በቃሉ የሚሠራ፣ በእጅ ሥራ ግሬስን በብዙ የሚያስከነዳ መሐንዲስ ነው።

ግሬስ ቋንቋውን ከለመደ በኋላ ቃናውን ሳይሆን ትርጉሙን ስለሚሰማ አድማጩም እንዲሁ ቢሰማ ምን ክፋት አለው የሚል ይኖራል። ክርክሩ ሚዛን ይደፋል፤ ነገር ግን ልብወለዱ ራሱ ሌላ መንገድ ጠቁሟል። ግሬስ የሮኪን ኀዘን የሚያውቀው ከቃናው መውረድ ጭምር ነው። አዘጋጆቹ ይህን አንድ ምልክት እስከ መጨረሻው አጉልተው ቢያቆዩት፣ ስሜቱ በሰው ድምፅ ሳይተወን በራሱ በሮኪ መንገድ በደረሰን ነበር።

ለአማርኛ አድማጭ ልዩነቱን ለማሳየት ወጋየሁ ንጋቱን ማንሳት ይበቃል። ወጋየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ፊታውራሪ መሸሻንም ጉዱ ካሣንም በአንድ አንደበት አስማምቶ ተጫውቷቸዋል፤ ለብዙዎች ገጸ ባሕርያቱ ዛሬም ከድምፁ ተለይተው አይታሰቡም። እዚያ ገጸ ባሕርያቱን ወደ አድማጩ ማቅረብ ትክክል ነበር፤ አድማጩ እነዚያን ሰዎች ከመንደሩ ያውቃቸዋልና። የሳይንስ ልብወለድ ተራኪ የገጠመው ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሲያቀርብም ርቀቱን ማስጠበቅ አለበት።

ይኸው የማቅረብ ዝንባሌ በምድር ላይ በሚፈጸሙት ክፍሎችም ይታያል። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ዲሚትሪ ገና አፉን ሲከፍት የአገሩ ቅላጼ ይቀድመዋል። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኢቫ ስትራት በገጹ ላይ የምታስፈራው በቃላት ቁጠባዋ ነው፤ በትረካው ግን የባዕድ ቅላጼዋ ከቁጠባዋ ጋር ይሻማል። ቅላጼ ማን እየተናገረ እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን ብዙ አይነግርም።

ይህ ሁሉ ሥራው የተሸለመበትን ብቃት አይሽርም። የድምፅ ቅጂውን የመጽሐፉ ታዛዥ ግልባጭ አድርጎ መመልከት እንደማያስኬድ ግን ያሳያል፤ በአንዳንድ ምዕራፎች ከመጽሐፉ የተሻለ፣ በሌሎች የደከመ፣ ራሱን የቻለ ትርጓሜ ነው። ይህን ልብወለድ ማስተማር የሚፈልግ መምህር ሁለቱንም ቅጂ ቢይዝ ይበጀዋል፤ ሁለቱ ፍጡራን የሚገናኙባቸውን ምዕራፎች ተማሪዎቹ በጆሯቸው ይስሙ፣ የሚወዳጁባቸውን ደግሞ በዓይናቸው ያንብቡ።