እሳቱን ያየ ካሜራ

ዲሞክራሲ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የምርጫ ሣጥን ነው። ለመሆኑ ከአንዱ ምርጫ እስከ ሌላው ባሉት አምስት ዓመታት ዜጋው ምን ይሠራል? ጥያቄውን ይዞለት ወደ ሹሙ ደጅ የሚሄደውስ ማን ነው? ሕንዳውያኑ ሪንቱ ቶማስና ሱሽሚት ጎሽ እ.ኤ.አ. በ2021 ለዕይታ ያበቁት «በእሳት መጻፍ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ ሴቶችን ያሳየናል።

ሴቶቹ የ«ኻበር ለሃሪያ» ጋዜጠኞች ናቸው። ጋዜጣው እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት፣ በቺትራኩት አውራጃ የተመሠረተ ሲሆን ስሙም «የዜና ሞገድ» እንደ ማለት ነው። አብዛኞቹ ዳሊት ናቸው፤ ይኸውም በሕንድ የካስት ሥርዓት ከሁሉ በታች ተጥለው «አይነኬ» ሲባሉ ከኖሩት ወገኖች።

ካሜራው የሚከተላቸው ከታተመ ጋዜጣ ወደ ስልክ ቪዲዮ ሲሸጋገሩ ነው። በ14 ዓመቷ ተድራ በኋላ እስከ ማስተርስ የተማረችው ዋና ዘጋቢ ሚራ ዴቪ፣ ተደፍራ ሰሚ ያጣችን ሴት አነጋግራ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። በልጅነቷ በድንጋይ ካባ የሠራችው ሱኒታ ሕገ ወጥ የካባ ሥራን ትመረምራለች። ሺያምካሊ ደግሞ ስልኩን ለመንካት ስትፈራ እናያታለን። መሣሪያቸው ጩኸት አይደለም፤ ይጠይቃሉ፣ መልሱንም ቆመው ይጠብቃሉ።

ፊልሙ በሰንዳንስ ተሸለመ፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም ለኦስካር ታጨ። ሽልማቱ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ተቃውሞ ተነሣበት፤ ያውም ከባለታሪኮቹ ከራሳቸው። ጋዜጣው ባወጣው መግለጫ፣ ፊልሙ ሥራቸውን በአንድ ፓርቲ ላይ ብቻ ያነጣጠረ እንዳስመሰለው፣ እነርሱ ግን ሁሉንም ወገን የሚጠይቁ የአካባቢ ጋዜጠኞች መሆናቸውን ገለጸ።

ታዲያ እውነቱ ከማን ጋር ነው? እኔ ፊልሙ ዋሸ አልልም። ቀረጻው ምርጫዎችን ያካተተ ነበር፤ ሰይፍ ይዞ ስለ ሃይማኖቱ ጥበቃ የሚናገረው ወጣትም የፈጠራ ሰው አይደለም። ዳሩ ግን ፊልም ግጭት ይወዳል። ትልቅ ባላንጣ ሲገኝ ያልተሠራው መንገድ፣ ያልደረሰው መብራት፣ ያልተገነባው መጸዳጃ ቤት ወደ ዳር ይገፋል። እነዚህ በፊልሙ ውስጥ የሉም ማለቴ አይደለም፤ አሉ፣ ግን እንደ መንደርደሪያ። ለሴቶቹ ግን የዘወትር ሥራቸው ይኸው ነው። ነገ ሌላ ፓርቲ ሥልጣን ቢይዝ ስለዚያው መንገድ የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው። «የእነ እገሌ ወገን» የሚል ስም ከተለጠፈባቸው ደግሞ በየመንደሩ በር የሚከፍትላቸው ይቀንሳል። ያንን ዕዳ የሚሸከሙት ሴቶቹ እንጂ በሩቅ አገር አዳራሽ ያጨበጨበው ተመልካች አይደለም።

በታዳጊ ዲሞክራሲዎች የሚገኙ የሲቪክ ተቋማት ከውጭ ሲወደሱ ብዙ ጊዜ የሚወደሱት እንደ ጀግና ነው። የጀግና ታሪክ ደግሞ ጠላት ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለ ተቋም ግን ከጠላት ይልቅ የሚያስፈልገው የጎረቤቱ አመኔታ ነው።

ፊልሙን ያላያችሁ እዩት፤ የሴቶቹንም መግለጫ አብራችሁ አንብቡ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሹማምንትን «ይህ ለምን ሆነ?» እያሉ የኖሩት ሴቶች፣ ያሞገሳቸውንም ፊልም ያንኑ ጥያቄ ከመጠየቅ አልተመለሱም።