የማሳቹሴትሱ ጥናት ያሳየንና ያላሳየን፦ ስለ ስኳር በሽታና ስንፈተ ወሲብ

ስለ ስኳር በሽታና ስለ ስንፈተ ወሲብ ዝምድና የሚጽፍ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጥናት ይነሣል። ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1989 በአሜሪካ፣ ቦስተን አካባቢ በሚገኙ ከተሞች የተካሄደውና በ1994 በፌልድማንና ባልደረቦቹ ለኅትመት የበቃው የማሳቹሴትስ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 ዓመት ከሆነ 1,290 ወንዶች መካከል 52 በመቶው ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ የብልት መቆም ችግር ነበረባቸው። ችግሩ ሙሉ በሙሉ የጸናባቸው ከጠቅላላው 9.6 በመቶ ሲሆኑ፣ ለስኳር በሽታ ሕክምና በሚወስዱት ዘንድ ግን፣ የዕድሜ ልዩነት ታስቦ፣ 28 በመቶ ደርሰዋል። ይህ አኀዝ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጥናቱን ማጣጣል ሳይሆን፣ ከእርሱ የምንወስደውንና የምንተወውን መመዘን ነው።

የጥናቱ ዋና ብልጫ ወደ ሐኪም ቤት የመጡትን ሳይሆን በየቤታቸው ያሉትን መጠየቁ ነው። ተሳታፊዎቹ በዘፈቀደ የተመረጡ ናቸው፤ ስለ ወሲብ የሚጠይቀውንም ክፍል እያንዳንዱ ለብቻው ሞልቶ በታሸገ ፖስታ መልሷል። ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገረውን ነገር እንዲገልጽ የተዘጋጀለት መንገድ ይህ ነበር።

ይሁንና ድክመቶቹም መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው መጠይቅ ተሳታፊውን «ይህ ችግር አለብህን?» ብሎ በቀጥታ አልጠየቀም። ደረጃው የተሰጠው ከተለያዩ ጥያቄዎች መልስ በስሌት ሲሆን፣ ስሌቱም የተቀመረው ወደ ዩሮሎጂ ክሊኒክ ከመጡ ሌሎች ታካሚዎች ነው። ሁለተኛ፣ የ28 በመቶው አኀዝ የስኳር በሽተኞችን ሁሉ በአንድ ላይ ይጨፈልቃል፤ በሽታው ከጀመረው 2 ዓመት የሆነውን ከ20 ዓመት ታካሚ፣ ነርቩ የተጎዳውንም ካልተጎዳው አይለይም። ሦስተኛ፣ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ነጮች ስለነበሩ አኀዙን እንዳለ ወደ እኛ ክሊኒክ ማምጣት አይገባም። አራተኛ፣ በአንድ ወቅት ብቻ የተደረገ ልኬታ የትኛው እንደቀደመ ሊያሳይ አይችልም።

የመጨረሻውን ጉድለት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አሟልተውታል። መጀመሪያ ላይ ችግሩ ያልነበረባቸውን 847 ወንዶች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ በጠቅላላው ከ1,000 ሰዎች በዓመት 26 ያህሉ አዲስ ሲያዙ፣ ከስኳር በሽተኞቹ ግን 51 ያህሉ ተይዘዋል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2017 145 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ከስኳር በሽተኛ ወንዶች 52.5 በመቶው ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ የቦስተኑ አኀዝ ቢያጠራጥርም ዝምድናው አያጠራጥርም።

የዝምድናው መንገድም የታወቀ ነው። ብልት የሚቆመው ከነርቭ ጫፎችና ኢንዶቴሊየም ከተባለው የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን የሚመነጨው ናይትሪክ ኦክሳይድ ለስላሳ ጡንቻዎችን አላልቶ ደም እንዲሞላ ሲያደርግ ነው። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ሽፋኑንም ነርቮቹንም ይጎዳል። ወደ ብልት የሚሄዱት የደም ቅዳዎች ከልብ ደም ቅዳዎች የቀጠኑ በመሆናቸው የደም ሥር ጥበት ምልክቱን አስቀድሞ በዚያ ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ ታካሚው ያፈረበት ነገር የልብ ሕመም ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትችቱ ከቦስተን ወደ ራሳችን ይመለሳል። በስኳር ክትትል ጊዜ የደም ግፊት እንለካለን፣ እግር እናያለን፣ ዓይን እንዲመረመር እንልካለን። ይህን ግን ስንቶቻችን እንጠይቃለን? ታካሚው መድኃኒቱን ተቀብሎ፣ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ዘወር ብሎ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ነበር» የሚለን ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ቀጣዩ ታካሚ ገብቷል። ያልተጠየቀ ሰው የደም ግፊት መድኃኒቱን «ያደከመኝ ይህ ነው» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ወይም ሲልዴናፊልን ከማያውቀው ሻጭ ገዝቶ፣ ለደረት ሕመም ከታዘዘለት ናይትሬት ጋር ሊወስደው ይችላል። ሁለቱ በአንድነት ሲወሰዱ የደም ግፊት ለሕይወት በሚያሰጋ መጠን ሊያሽቆለቁል ይችላል። ክኒኑም ቢሆን ለሁሉም አይሠራም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የስኳር በሽተኞች ጥናት ሲልዴናፊል ከወሰዱት መሻሻል ያዩት 56 በመቶው ሲሆኑ፣ አምሳያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 10 በመቶው ናቸው።

ስያሜውም ሊታሰብበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተጠራ ጉባኤ «ኢምፖተንስ» የሚለው ቃል ትርጉሙ የተምታታና የሚያዋርድ በመሆኑ በሌላ እንዲተካ መክሯል። በእኛ ቋንቋ «ስንፈት» ከ«ስንፍና» ጋር ከአንድ ሥር የሚመዘዝ ስለሆነ፣ በሽታውን ሳይሆን ሰውየውን የሚወቅስ ቃና አለው። ቃሉ በአንድ ጽሑፍ አይሻርም፤ ይኸው እኔም ተጠቅሜበታለሁ። በታካሚው ፊት ግን «የስኳር በሽታ የደም ሥርንና ነርቭን ስለሚነካ ብዙ ወንዶች የብልት መቆም ችግር ያጋጥማቸዋል፤ እርስዎስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይህ አነጋገር ጥፋቱን ከሰውየው አንሥቶ በበሽታው ላይ ያደርገዋል።

በመሆኑም ከማሳቹሴትሱ ጥናት ልንወስድ የሚገባን 28 የሚለውን ቁጥር ሳይሆን ታካሚውን ሳይቀድመን በአክብሮት የመጠየቅን ልማድ ነው። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ በክትትል ካርዳችን ላይ አንዲት መስመር መጨመር፣ በሩንም ዘግቶ መጠየቅ ይበቃል።