ልብን በድካም ወይስ በመድኃኒት መፈተን

የልብ ሕመም በዕረፍት ጊዜ ሊሸሸግ ይችላል። ልብን የሚመግበው የደም ሥር የጠበበበት ሰው ተቀምጦ ሳለ ደሙ ይበቃዋል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ይጎድለዋል። ስለዚህ ሐኪሞች በሽተኛውን በእግር በማስኬድ ወይም መድኃኒት በመስጠት ልብን ይፈትናሉ። ከጓደኞቻችን መካከል «የመድኃኒቱ ፈተና የረቀቀ ስለ ሆነ ለሁሉ ይሻላል» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይህን አስተያየት አንቀበለውም።

አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ብሩስ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳወቁት ሥርዓት በሽተኛው በሚሽከረከር መሄጃ ላይ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፤ በ10 በመቶ ዳገት ይጀምራል፤ በየ3 ደቂቃውም ፍጥነቱና ዳገቱ ይጨመራል። ከመድኃኒቶቹ ዶቡታሚን ልብን ያስሮጣል። አዴኖሲን ግን የደም ሥሮችን ያሰፋል እንጂ ልብን አያደክምም፤ ጤነኛው ሥር ሲሰፋ የጠበበው ወደ ኋላ መቅረቱ በሥዕል ይታያል። ቡና ይህን መድኃኒት ስለሚያከሽፍ፤ ማለዳ አቦል ጠጥቶ የመጣ ሰው ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

የጓደኞቻችን ስሕተት ከማነጻጸሩ ላይ ነው። በአንድ ወገን መድኃኒትን ከልብ ሥዕል ጋር፤ በሌላው ወገን እርምጃን ከኢ.ሲ.ጂ. ጋር ብቻ ያቆማሉ። ነገር ግን ከእርምጃ በኋላም የልብን ሥዕል ማንሣት ይቻላል። እንግዲያስ ምስጋናው በአብዛኛው የሥዕሉ እንጂ የመድኃኒቱ አይደለም።

ወደ ሾላ ገበያ እንሂድ። ጆንያ ተሸክሞ ሲሄድ ደረቱን የሚይዘው ወንድማችን መፈተን የሚገባው በእግሩ ነው፤ ሕመሙ በስንተኛው ደቂቃ እንደ መጣ፤ የደሙ ግፊት እንዴት እንደ ሆነ፤ ምን ያህልስ መሥራት እንደሚችል ይታወቃልና። ተኝቶ መድኃኒት ቢወስድ ይህ ሁሉ ይቀራል። እንጀራው ግን በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሆኖም በጉልት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡት፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ60 ዓመት እናት በ3ኛው ደቂቃ ቢያቆሙስ? በተለመደው ስሌት ዕድሜ ከ220 ተቀንሶ የቀረው 85 በመቶ ይወሰዳል፤ ለእርሳቸው በደቂቃ 136 ምት ነው። ልባቸው 105 ላይ ሳለ ካቆሙ የወረቀቱ ንጹሕነት ማስረጃ አይሆንም። «ጤነኛ ነዎት» ብሎ መስደድ አደገኛ ነው፤ ያልተፈተነ ልብ ፈተናውን አለፈ ሊባል አይችልምና። መድኃኒቱ የሚገባው ለእንዲህ ያሉት ነው። በእነርሱም ዘንድ ምርጫው ጥንቃቄ ይሻል፤ ለምሳሌ አስም ላለበት አዴኖሲን አይስማማም።

በእኛ አስተያየት፤ መራመድ የሚችል ሁሉ አስቀድሞ በእግሩ ይፈተን፤ የማይችል በመድኃኒት ይፈተን። የሐኪሙም የመጀመሪያ ጥያቄ የመሣሪያው ዓይነት ሳይሆን፤ «ገበያውን ዞረው ሳያርፉ መመለስ ይችላሉ?» የሚለው ይሁን።